ከሕፃናት ክፍል ነርስነት ወደ ኢንፌክሽን መከላከል ሥራ

ጥያቄ፦ በነርሲንግ ዲግሪ አለኝ፤ በሕፃናት ክፍል ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። በሳል የተኛው ልጅ ተቅማጥ፣ በተቅማጥ የተኛው ደግሞ ሳል ይዞት ሲወጣ ማየት አንገሸገሸኝ። ወደ ኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠር (አይፒሲ) ሥራ ለመግባት መጀመሪያ ማስተርስ ልማር?

መልስ፦ እህታችን፣ ማስተርሱ ይቆይ። ሆስፒታሎች ለዚህ ቦታ የሚፈልጉት ችግሩን ቆጥሮ የሚያሳይ ሰው ነው። ቆጠራውን ደግሞ አሁን ባለሽበት ክፍል መጀመር ትችያለሽ።

በቅድሚያ ሆስፒታል ውስጥ የተያዘውን ልጅ ከውጭ ይዞት ከመጣው መለየት ተማሪ። ብዙዎች «ከተኛ 48 ሰዓት ካለፈው የሆስፒታል ነው» ብለው ይደመድማሉ፤ ለቫይረስ ግን ይህ ያሳስታል። የሮታቫይረስ ተቅማጥ ልጁ በቫይረሱ ከተያዘ በአብዛኛው በሁለት ቀን ውስጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከተኛ በአምስተኛው ቀን የጀመረው እዚያው የተያዘ ነው ማለት ይቻላል። አርኤስቪ የሚባለው የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 8 ቀን ስለሚወስድ በሦስተኛው ቀን ያሳለው ልጅ ከቤቱ ይዞት ሊመጣ ይችላል። ኩፍኝ ከሁሉም ይከብዳል። ሽፍታው የሚወጣው ከተጋለጠ ከ7 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ከእናንተ ዘንድ የያዘው ልጅ የሚታመመው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። የወላጅ ስልክ ካልተመዘገበ ማንም አያውቅም። ቫይረሱ በሽተኛው ከወጣም በኋላ በክፍሉ አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ይቆያል። ለተጋለጡና 6 ወር ለሞላቸው ሕፃናት ክትባቱ የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነውና መዝገቡ የዕለት ተዕለት ይሁን።

ቀጥሎ እጅ። ሳኒታይዘር አርኤስቪን ይገድላል፤ ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስን ግን በደንብ አይገድልም። ተቅማጥ ያለበትን ልጅ ከነኩ በኋላ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው። አንድ ጓንት አድርጎ ከአልጋ አልጋ መዞር ባዶ እጅ ከመዞር አይሻልም።

በረኪናውንም ራስሽ አረጋግጪ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ካለ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ 0.5 በመቶ ይሆናል። ሌላ መጠን ከተጻፈበት ቁጥሩን ለ0.5 አካፍለሽ አንድ ቀንሺ፤ የውሃው እጅ እሱ ነው። ሰገራ ላይ በቀጥታ ከፈሰሰ ቆሻሻው ኃይሉን ይጨርሰዋል፤ መጀመሪያ ይጠረግ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ በረኪናው 10 ደቂቃ ይቆይ። የትናንቱ ይደፋ። የአልጋ ብረት፣ ቴርሞሜትርና የኔቡላይዘር ጭምብል ብዙ ጊዜ የሚረሱ ናቸው። ይህን ከጽዳት ሠራተኞች ጋር አብረሽ ሥሪ፤ ያለ እነሱ የሚሆን የለም። እናቶችንም አስረጂ፤ የጎረቤት አልጋ ልጅ ሲያለቅስ አንስተው የሚያባብሉት እነሱ ናቸው።

አሁን ሜትረኗን አስፈቅደሽ ለሦስት ወር ሁለት ነገር በኤክሴል መዝግቢ። አንደኛው፣ ሆስፒታል ውስጥ አዲስ የተያዙትን፣ ልጆቹ ሁሉ ለተኙባቸው ቀናት ድምር አካፍለሽ በ1000 አባዢ። ሁለተኛው፣ እጅ መጽዳት ከነበረበት ጊዜ ስንቱ ላይ እንደጸዳ ነው፤ ከ60ው 27 ከሆነ 45 በመቶ። የባልደረባ ስም አትጻፊ፤ ክስ ከመሰለ ማንም አይተባበርሽም።

ውጤቱን በአንድ ገጽ ለሆስፒታሉ የአይፒሲ ኮሚቴ አቅርቢና አጭር ሥልጠና ሲመጣ እንዲልኩሽ ጠይቂ። ወረርሽኝ ማጣራት ከሳበሽ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሁለት ዓመት የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ትምህርት አለ። ያን ጊዜ ለማመልከቻሽ ያቺ አንድ ገጽ ከነቁጥሯ ትያያዝ፤ የታካሚ ስም ግን እንዳይኖርባት።