ፈቃድ እያለኝ ጎረቤቴ ግንባታዬን ሊያስቆሙ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ነው። ወደ ቁስቋም በሚወጣው ተዳፋት ላይ በሊዝ ያገኘሁት 250 ካሬ ቦታ አለኝ። ቦታው በጣም ቁልቁል ስለሆነ ለእሱ ብቻ የሚሆን ዲዛይን አሠርቻለሁ፤ ጂ ፕላስ ዋን ነው። የግንባታ ፈቃዱም ወጥቷል። ፎርማኑ ከኋላ በኩል 4 ሜትር ያህል ቆርጠን እናስተካክልና አፈሩን ወደ ገደሉ እንደፋዋለን ይላል። ከታች እማሆይ አሉ፤ ቤታቸው የጭቃ ቤት ነው። “ክረምት ሲገባ ይህ ሁሉ እኔ ላይ ይወርዳል” ብለው ቀበሌ ከሰሱኝ። ፈቃድ እያለኝ ሊያስቆሙኝ ይችላሉ? አንድ ነገር ቢፈጠርስ ተጠያቂው ማን ነው? አፈሩን አስመርምሪ ያሉኝ ሰዎችም አሉ። ፎርማኑ ግን “ሁሉም ዐለት ነው፣ ገንዘብሽን አታባክኚ” አለኝ። ሥራውን የሚሠራልኝ በእጅ ዋጋ ነው። (አንዲት እናት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በአጭሩ ልመልስና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። አዎ፣ እማሆይ ሊያስቆሙዎት ይችላሉ። ጉዳት ከደረሰም መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። በእጅዎ ያለው ፈቃድ ከዚህ አያድንዎትም።

የግንባታ ፈቃድ በእርስዎና በከተማው አስተዳደር መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ዲዛይኑ ታይቷል፣ ከከተማው ፕላን ጋር አይጋጭም፣ ሥራ መጀመር ይችላሉ ማለት ነው። የጎረቤትን መብት ግን አይሽርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከያዘ በኋላ ጎረቤት የሚባል ሰው የሌለ ይመስለዋል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ። የጸደቀውን ሥዕል ያውጡና ይዩት። ፎርማኑ የሚለው የ4 ሜትር ቆረጣ ሥዕሉ ላይ አለ? ድጋፍ ግንቡስ አለ? የብረቱና የመሠረቱ ዝርዝር አብሮ ተሠርቶለታል? ከሌለ፣ ፈቃድ አለኝ የሚሉት ለቤቱ እንጂ ለቆረጣው አይደለም። ፈቃድ የሚሸፍነው ሥዕሉ ላይ ያለውን ሥራ ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ የሕንፃ ሹሙ፣ ማለትም ግንባታን የሚቆጣጠረው የከተማው ኃላፊ፣ መጥቶ “አቁሚ” ቢልዎት የሚከራከሩበት ነገር የለዎትም። መሐንዲስዎ ማሻሻያውን ሠርቶ እንዲያስጸድቅ ያድርጉ።

አሁን ወደ ዋናው ሕግ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2069 ላይ አደገኛ ሥራዎችን ይጠቅሳል። ፈንጂና መርዛማ ነገር መጠቀም ወይም ማከማቸት አለበት። ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፍ የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት አለበት። እዚያው መካከል የመሬትን አቀማመጥ መለወጥም ተጽፏል። አዎ፣ ሕጉ ተዳፋት መቁረጥን ከፈንጂ ጋር አንድ ላይ ነው ያስቀመጠው። ለጎንደር ሰው ይህ አያስደንቅም፤ ክረምት ላይ ተንዶ የወረደ ካብ ያላየ ማን አለ?

ይህ አንቀጽ ከባድ የሆነበት ምክንያት ጥፋት መኖሩን አለመጠየቁ ነው። በጥንቃቄ ሠርተው ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶ አልሰረቁ፣ ብረት አልቀነሱ ይሆናል። ቢሆንም፣ መሬቱን በመቁረጥዎ የፈጠሩት አደጋ ደርሶ የእማሆይን ቤት ከጎዳ ይከፍላሉ። ይኸው አንቀጽ መንግሥት ለሥራው ፈቃድ ሰጥቶ ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ እንደማይቀር ይናገራል። ስለዚህ “ፈቃድ አለኝ” የሚለው መልስዎ ሕጉ አስቀድሞ ያሰበበትና ውድቅ ያደረገው ነው።

“ዘንድሮ ዝናቡ ከልክ በላይ ነበር” ማለትስ? አያዋጣም። ቁጥር 2086 እንዲህ ዓይነት ተጠያቂ ከአቅሜ በላይ ነበር፣ ምክንያቱ አልታወቀም፣ ሌላ ሰው ነው ያጠፋው እያለ እንዳያመልጥ ይከለክላል። የሚቀርልዎት መከራከሪያ ጉዳቱ የመጣው ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው በራሱ ጥፋት ነው የሚለው ነው። ለምሳሌ እማሆይ የድጋፍ ግንብዎን እግር ቆፍረው ቢሆን። ቤታቸው አሮጌ የጭቃ ቤት መሆኑ ግን ጥፋት አይባልም። እንዲያውም ቤቱ ደካማ መሆኑን እያዩ መቁረጥዎ ፍርድ ቤት ፊት በእርስዎ ላይ የሚነሳ ነጥብ ነው። በእርግጥ ካሳው የሚሰላው በደረሰው ጉዳት ልክ ነው። የጭቃ ቤት ፈርሶ የቪላ ዋጋ አይጠየቅም።

ቤቱ ካለቀ በኋላም ነገሩ አያበቃም። ቁጥር 2077 ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ነው። እማሆይ ወይም ወራሾቻቸው ጉዳት ከደረሰባቸው ቀን ጀምሮ ክስ ለማቅረብ 2 ዓመት አላቸው። ይህ 2 ዓመት የሚቆጠረው ግንቡ ከተገነባ ቀን አይደለም። ግንቡ ከ8 ዓመት በኋላ ቢናድ ቆጠራው ያኔ ይጀምራል።

እንዴት ሊያስቆሙዎት እንደሚችሉ ደግሞ እንይ። ቀበሌ ዋናው ቦታ አይደለም። ቀበሌው ሊያስታርቅ ይችላል፤ ጉዳዩን ወደ ክፍለ ከተማው ይመራዋል። ጉልበት ያለው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የሕንፃ ሹሙ ነው። አደጋ ካየ ሥራውን ያስቆማል። ሁለተኛው ፍርድ ቤት ነው። እማሆይ ቁጥር 1225ን ይዘው ይሄዳሉ። ባለመብት መብቱን ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ የሚከለክለው እሱ ነው። ከክሱ ጋር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት ጊዜያዊ እግድ ይጠይቃሉ። ሙግቱ እስኪያልቅ እስካቫተሩ ቆሞ ይከርማል ማለት ነው። የእስካቫተር ኪራይ በሰዓት መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ዳኛው እግድ ለመስጠት ወይም ለመከልከል የሚያየው ማስረጃ ነው። የአፈር ምርመራ ውጤት፣ በመሐንዲስ የተሰላ የድጋፍ ግንብ ዲዛይን፣ የውሃ ማስወገጃ ሥዕልና የሥራ ቅደም ተከተል ይዘው ከቀረቡ እግዱን ማስነሳት ይችላሉ። ባዶ እጅዎን ከሄዱና “ፎርማኑ ዐለት ነው ብሏል” ካሉ ግን ዳኛው የሚያምነው እማሆይን ነው። እኔም ብሆን እሳቸውን ነበር የማምነው።

ስለ ፎርማኑ ዐለት ልናገር። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ክርክር የሚቀርቡ የባለሙያ ሪፖርቶችን ማንበብ የሥራዬ አካል ነው። የጎንደር ዙሪያ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ባዛልት ነው። ከላይ ያለው ክፍል በዘመናት ውሃና ፀሐይ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። ሲያዩት ዐለት ይመስላል፤ በአካፋ ሲነኩት ይፈረፈራል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ዋልካ አለ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ድጋፍ ግንብ የሚጥለው ብዙ ጊዜ የአፈሩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው የሚጠራቀመው ውሃ ነው። ከግንቡ ጀርባ ጠጠር፣ በግንቡ ላይ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ፣ ከላይ ደግሞ ውሃውን ዞሮ የሚወስድ ቦይ ያስፈልጋል። እነዚህን ፎርማኑ ከዘለለ ዐለቱ አያድንዎትም። ሁለት ሦስት ቦታ ጉድጓድ አስቆፍሮ በባለሙያ ማሳየት ከቤቱ ጠቅላላ ወጪ አንጻር ትንሽ ነው።

ይህን ያህል ያተኮርኩበት ሌላ ምክንያት አለኝ። “በእጅ ዋጋ” ያሉት ነገር ከቆረጣው ይልቅ አስጨንቆኛል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 ቤት ሠሪ ተቋራጭን ሥራውን ካስረከበ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። ለሥራው ጥራትና ለቤቱ ጥንካሬ ማለት ነው። ሥራው የተበላሸው በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ቤቱ በቆመበት አፈር ባሕርይ ምክንያት ቢሆንም ተቋራጩ ይጠየቃል። ይህን ዋስትና የሚያሳጥር ወይም የሚያስቀር ውል ዋጋ የለውም። ለተዳፋት ቤት ከዚህ የተሻለ ጥበቃ የለም። ፈቃድ ያለው ተቋራጭ የአፈር ምርመራ ካልተደረገ አልጀምርም የሚለውም ለዚሁ ነው። አደጋው የራሱ ነዋ።

እጅ ዋጋ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሲሚንቶውን እርስዎ ይገዛሉ። ብረቱን እርስዎ ይገዛሉ። ፎርማኑ ሰው ይዞ ይመጣል፣ እርስዎ በየሳምንቱ ይከፍላሉ፣ “እዚህ ጋ ቁረጡ” የሚሉትም እርስዎ ናቸው። ቤቱ ሲሰነጠቅ ፎርማኑ “እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁ” ይላል። ውሉ በቃል ከሆነ ደግሞ ምን እንደተስማማችሁ ማን ያስረዳል? ሠራተኞቹ በእርስዎ ትእዛዝ ሥር የሚሠሩ ከሆኑ ደግሞ ሲያጠፉ እርስዎ እንደ አሠሪ ይጠየቃሉ። ራሱን ችሎ የሚሠራ ተቋራጭ ከሆነ ሕጉ በቁጥር 2134 የእሱን ጥፋት በእርስዎ ላይ አይጭንም። በቁጥር 2069 ለሚመጣው ኃላፊነት ግን ተቋራጭም ቢኖር እርስዎ ሙሉ በሙሉ ነፃ ይሆናሉ ብዬ አላምንም። መሬቱ እንዲቆረጥ የወሰኑት እርስዎ ናቸው።

ቤቱን በሙሉ ለተቋራጭ መስጠት አቅም ይጠይቃል፣ ይገባኛል። ስለዚህ የሚከተለውን እመክራለሁ። ቆረጣውን፣ ድጋፍ ግንቡንና መሠረቱን ፈቃድ ላለው ተቋራጭ በጽሑፍ ውል ይስጡ። ሁለት ምስክር ይፈርሙበት። ከመሠረት በላይ ያለውን ከፈለጉ በእጅ ዋጋ ይቀጥሉ። በውሉ ላይ የጸደቀው ሥዕል አባሪ ይሁን፣ አፈሩ የት እንደሚደፋ ይጻፍ፣ የሦስተኛ ወገን ጉዳትን የሚሸፍን መድን ይገባ። ኮንትራክተርስ ኦል ሪስክ የሚባለው መድን ለዚህ ያገለግላል። ውሉን ሳይፈርሙ ግን ስለ መሬት መንሸራተትና ስለ አጎራባች ቤት የሚለውን ክፍል ደጋግመው ያንብቡ። ኩባንያዎች ሽፋን የሚቀንሱት እዚያ ላይ ነው።

አፈሩን ወደ ገደሉ መድፋት የሚባለውን ከአእምሮዎ ያውጡት። ገደሉ የእርስዎ ይዞታ አይደለም። የተቆለለ ልቅ አፈር ከእማሆይ ቤት በላይ ካለ ደግሞ በሐምሌ መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ነው። በመኪና ጭነው አስተዳደሩ ወደሚፈቅደው ቦታ ይውሰዱት።

ከላይ በኩል ስላሉት ጎረቤትም አልጻፉልኝም። 4 ሜትር ሲቆርጡ የእሳቸው አጥር ጫፍ ላይ ይቀራል። እስካሁን ዝም ማለታቸው ተስማምተዋል ማለት አይደለም።

አካባቢው ቁስቋም ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የቁስቋም ግቢ በ1972 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የፋሲል ግቢ ቅርስ ጋር የተካተተ ነው። ቦታዎ የቅርስ ክልል ውስጥ ወይም አጠገብ ከሆነ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የግንባታ ፈቃዱ ብቻ አይበቃም፤ የቅርሱ ባለሥልጣን ፈቃድም ያስፈልጋል። ክፍለ ከተማው ካርታዎን ከቅርስ ክልሉ ጋር አመሳክሮ በጽሑፍ እንዲነግርዎት ይጠይቁ። ሲቆፍሩ የድሮ ግንብ ወይም ዕቃ ካገኙም ቁፋሮውን ቆም አድርገው ያሳውቁ።

ወደ እማሆይ እንመለስ። መጥሪያ እስኪመጣ አይጠብቁ። ሁለት የሰፈር ሽማግሌ ይዘው ይሂዱ። መሐንዲሱም አብሮ ይሂድና ግንቡ የት እንደሚቆም፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ ያሳያቸው። ከዚያ የቤታቸው ሁኔታ ይመዝገብ። ግድግዳው፣ አሁን ያሉት ስንጥቆች፣ አጥሩ፣ ሁሉም በፎቶና በቪዲዮ ይያዝ። ቀኑ ይጻፍበት፣ እሳቸውም እርስዎም ምስክሮቹም ይፈርሙ። ይህ ወረቀት ሁለታችሁንም ይጠብቃል። ነገ “ይህ ስንጥቅ ድሮም ነበር” እና “አልነበረም” የሚል ጭቅጭቅ አይኖርም። “ምንም ቢደርስብኝ አልጠይቅም” የሚል ወረቀት ግን አያስፈርሟቸው። እኔ ጠበቃቸው ብሆን ለክስ የምጠቀምበት የመጀመሪያ ማስረጃ እሱ ነበር።

የጊዜውንም ነገር ያስቡ። ቁፋሮው ከጥቅምት በኋላ ተጀምሮ ድጋፍ ግንቡ ከግንቦት በፊት ቢያልቅ ጥሩ ነው። የተቆረጠ ተዳፋት ያለ ግንብ ክረምት ማሳለፍ የለበትም። ችግሩ የሊዝ ውልዎ ላይ ግንባታ የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ጊዜ መኖሩ ነው። ቀኑን ዛሬውኑ ይመልከቱ። በእግድ፣ በዲዛይን ማሻሻያ ወይም በቅርስ ፈቃድ ምክንያት የሚዘገዩ ከሆነ ጊዜው ሳያልፍ የማራዘሚያ ማመልከቻ ለመሬት አስተዳደሩ በጽሑፍ ያስገቡ። የእግዱን ትእዛዝ ወይም ማሻሻያውን ያስገቡበትን ደብዳቤ አባሪ ያድርጉ። ማመልከቻውን ሲሰጡ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ሳያስደርጉ ከቢሮው አይውጡ።