«እሱ ሥራው ይሄዳል፤ እኔስ የት ልሂድ?»

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መሐንዲስ ነው። ድርጅቱ ለ2 ዓመት ወደ ውጭ አገር ቅርንጫፉ ሲልከው የሒሳብ ሥራዬን ለቅቄ ከልጃችን ጋር ተከተልኩት። አሁን 8 ወራችን ነው። ቀኑን ሙሉ የማዋራው ሰው የለኝም። ከፋኝ ስለው «ምን ጎደለሽ?» ይለኛል። ሰሞኑን ልጄ ላይ መጮህ ጀምሬያለሁ። ምስጋና ቢስ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ምስጋና ቢስ አይደለሽም። ባለቤትሽ አገር ቢቀይርም ሙያውና ማዕረጉ አብረውት ሄደዋል። ጠዋት ሲወጣ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። አንቺ ግን ሥራሽን፣ የራስሽን ገቢና ጓደኞችሽን ባንዴ ነው ያጣሽው። «ምን ጎደለሽ?» ሲል ቤቱንና አስቤዛውን ቆጥሮ ነው። ያንቺ ጉድለት እዚያ ውስጥ የለም። ይህ ሐዘን ነው፤ ለቅሶ የማይደረስለት ሐዘን።

ያለሽበት ወቅትም ከባድ ነው። ኖርዌያዊው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ስቨሬ ሊስጎር በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ 200 ኖርዌያውያንን ጠይቆ ነበር። መላመድ ይበልጥ የከበዳቸው ከ6 እስከ 18 ወር የቆዩት ሆነው ተገኙ። ሁሉም ሰው ግን በዚህ መንገድ አያልፍም። ስለዚህ «ጊዜ ይፈታዋል» ብለሽ ዝም እንድትዪ አልፈልግም።

ማታ ደክሞት እንደገባ አታናግሪው። በዕረፍት ቀን፣ ልጃችሁ ስትተኛ፣ «ጥፋተኛ ነህ እያልኩህ አይደለም። ሥራዬን ማጣቴ ግን አሞኛል» በዪው። መፍትሔ ለመስጠት ከቸኮለ መጀመሪያ እንዲያዳምጥሽ ብቻ ጠይቂው።

የመሥራት መብት እንዳለሽስ አጣርተሻል? ብዙዎች «በሱ ቪዛ ነው የመጣሁት» ብለው ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ፣ በኤል-1 ቪዛ የተዛወረ ሠራተኛ የትዳር ጓደኛ መሥራት ይችላል። ባለቤትሽ የድርጅቱን የሰው ሀብት ክፍል ይጠይቅልሽ። የቋንቋ ትምህርት ወይም የሥራ ፍለጋ እገዛ የሚከፍሉ ድርጅቶችም አሉ። ይህ ልመና አይደለም፤ የሱ ሥራ የቆመው ባንቺም ትከሻ ላይ ነው።

ልጅሽ ላይ ስትጮሂ፣ ሲበርድልሽ አቅፈሽ ይቅርታ ጠይቂያት። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ካንቺ አፍ መስማት አለባት። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ካጣሽ፣ ወይም ከ2 ሳምንት በላይ ሁሉም ነገር ካስጠላሽ ግን ባለሙያ አማክሪ። በቪዲዮ፣ በራስሽ ቋንቋ ማግኘት ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ ተስማሙ። ድርጅቱ ቆይታውን ላራዝም ቢለው፣ እሺም እንቢም ከማለቱ በፊት ካንቺ ጋር ይምከር።