ክሬዲቱን የሚቀበለውን ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

ብዙውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሜሪላንድ ውስጥ፣ በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ ነው። ሥራዬ ከሌላ ኮሌጅ የሚመጣ ትራንስክሪፕት እያዩ የትኛው ክሬዲት፣ ማለትም ተማሪው ሌላ ቦታ የጨረሰው ትምህርት፣ እኛ ጋ እንደሚያዝለት፣ የትኛው እንደማይያዝለት መለየት ነበር። የሐበሻ ልጆች ብዙ ይመጡ ነበር። ቀን ሠርተው፣ ማታ ልጅ አስተኝተው ኦንላይን የተማሩ። እነሱ ከከፈሉ በኋላ የሰሙትን እናንተ ሳትከፍሉ እንድትሰሙት ነው የምጽፈው።

አንድ ኮሌጅ «ዕውቅና አለን» ስላለ ብቻ አትመኑ። ማን ሰጠው? አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ ለኮሌጅ ዕውቅና አይሰጥም። ዕውቅና ሰጪዎቹ በአብዛኛው የግል ድርጅቶች ናቸው፤ የፌዴራሉ የትምህርት ዲፓርትመንት የሚያደርገው ከእነሱ የሚታመኑትን መለየት ነው። የውሸት ኮሌጅ የሚከፍት ሰው ታዲያ የውሸት ዕውቅና ሰጪም አብሮ ይከፍታል። ስለዚህ ከኮሌጁ ገጽ ውጡና የዲፓርትመንቱን ዳታቤዝ እዩ። ዳፒፕ ይባላል፤ በነፃ ነው። ስሙን ፊደል በፊደል፣ አድራሻውንም ጭምር አመሳክሩ። ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ በአንዲት ቃል ብቻ የሚለይ ስም የሚያወጡ አሉ። የድረ ገጹ አድራሻ በ«ዶት ኢዲዩ» ማለቁም አያዘናጋችሁ። በፈረንጆቹ ከ2001 መጨረሻ ወዲህ ዕውቅና ለሌለው አይሰጥም፤ ከዚያ በፊት የያዙት ግን እንደያዙት ቀርተዋል።

ይሄ ቀላሉ ነው። ልጆች የሚጎዱት ከዚህ በኋላ ባለው ነው።

ዕውቅና ካለው ኮሌጅ የመጣ ክሬዲት ሁሉ ይያዛል ማለት አይደለም። የሚወስነው ተቀባዩ ኮሌጅ ነው። ተመዝገቡ እያለ የሚደውልላችሁ ሰው «ክሬዲታችን የትም ይሄዳል» ካላችሁ፣ በእጁ የሌለውን ነገር ነው ቃል የገባላችሁ። ብዙ ኮሌጆች ዛሬም የሚፈልጉት እንደ ሚድል ስቴትስ ያሉት፣ ድሮ «ሪጅናል» (የክልል) ይባሉ የነበሩት አካላት የሰጡትን ዕውቅና ነው። ዲፓርትመንቱ «ሪጅናል» እና «ናሽናል» (አገር አቀፍ) የሚለውን ልዩነት በ2020 አንስቶታል፤ የኮሌጆቹ ልማድ ግን አብሮ አልተነሳም። አይቲቲ ቴክ የተባለው ብዙ ቅርንጫፍ የነበረው የግል ኮሌጅ በ2016 ሲዘጋ ብዙ ተማሪ ክሬዲቱን የሚቀበለው አጣ። ዕውቅና ነበረው እኮ!

«ተቀብለናል» ሲሏችሁም ወዲያው ደስ አይበላችሁ። አንዲት ልጅ ትራንስክሪፕቷ ላይ ስታቲስቲክስ ነበራት። ሦስት ክሬዲት፣ ቢ ፕላስ። ክሬዲቱ ተያዘላት፤ ግን «ፍሪ ኢሌክቲቭ»፣ ማለትም የትኛውንም ግዴታ ኮርስ የማይተካ ምርጫ ትምህርት፣ ተብሎ ነው። ነርሲንግ ለመግባት የሚጠየቀውን ስታቲስቲክስ አልተካላትም። ያንኑ ትምህርት እንደገና ከፍላ ተማረች። ወረቀቱ ላይ ምንም አልጠፋባትም፤ እሷ ግን አንድ ሴሚስተርና ገንዘቧን አጣች። ክሬዲታቸው ጭራሽ የማይያዝላቸውም ጥቂት አይምሰሏችሁ። ጂኤኦ የተባለው የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። የተማራችሁበት ኮሌጅ ዓመቱን በሴሚስተር ሳይሆን ከሴሚስተር ባጠረ ጊዜ፣ በኳርተር፣ ከፍሎ የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ ሌላም አለ፦ 45 ክሬዲት ወደ ሴሚስተር ሲመነዘር 30 ነው።

ነርስ ለመሆን የምታስቡ፣ የኮሌጁ ዕውቅና ብቻውን አይበቃችሁም። ፕሮግራሙን ጨርሳችሁ ልትሠሩ ባሰባችሁበት ስቴት ለላይሰንስ ፈተና መቀመጥ ትችሉ እንደሆነ የስቴቱን የነርሲንግ ቦርድ ጠይቁ። አገር ቤት ሆናችሁ የውጭ ኮሌጅ ኦንላይን የምትማሩ ደግሞ የአቻ ግምት የሚሰጣችሁ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሳትከፍሉ በፊት እሱን አነጋግሩ።

ሌሎቻችሁ ኋላ ልትጨርሱበት ለምታስቡት ኮሌጅ አሁኑኑ ኢሜይል ጻፉ። የኮርሱን ስምና ቁጥር ጥቀሱና «ይሄን ብወስድ የትኛውን ኮርስ ይተካልኛል?» በሉ። «ትቀበላላችሁ ወይ?» ብቻ ካላችሁ መልሱ «አዎ» ይሆንና ምንም ላይጠቅማችሁ ይችላል። መልሱን በጽሑፍ ያዙ፤ በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ማስረጃ አይሆንም። የየኮርሱን ሲላበስም (ኮርሱ ምን ምን እንደሚያስተምር የሚዘረዝረውን ወረቀት) ከመጀመሪያው ሳምንት አውርዳችሁ አስቀምጡ። ኮርሱ ሲያልቅ ገጹ ሊዘጋባችሁ ይችላል፤ ክሬዲት ተከልክላችሁ ይግባኝ ስትሉ ግን ሬጅስትራር መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።