ማበረታቻው ለማን ይሰጥ?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ተከራይቼ የምኖር አስተማሪ ነኝ። አንድ ግቢ ውስጥ ካሉ አራት ሰርቪስ ክፍሎች በአንዷ ነው ያለሁት። የደመወዜ ግማሽ ለኪራይ ይሄዳል። ጣራው ደግሞ ያፈሳል፤ የጅማን ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ። ወንድሜ ኮንትራክተር ነው። «መንግሥት መሬት በነፃ ቢሰጠንና ግብር ቢቀንስልን ርካሽ ቤት እንሠራላችሁ ነበር» ይላል። እኔ ደግሞ ያለው ሰው ይጨመርለታል እንጂ ለኔ የሚደርሰኝ ነገር አይታየኝም። ቡና በተፈላ ቁጥር በዚሁ እንጨቃጨቃለን። እስቲ ፍረዱን።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ለሚከራይ ቤት ሠሪ ማበረታቻ ይሰጥ ባይ ነኝ። ወንድምሽ ግን ቶሎ ደስ አይበለው። የማቀርብለትን ውል ሲያነበው ላይፈርም ይችላል።

ያለ ማበረታቻ፣ ኪራይን በአዋጅ በማውረድ ብቻ ምን እንደሚመጣ በአባቶቻችን ጊዜ ታይቷል። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ ትርፍ ቤት ተወረሰ፣ ኪራይም ተቀነሰ። ተከራይ እልል አለ፣ እልል ማለትም ይገባው ነበር። ነገር ግን ግለሰብ ቤት ሠርቶ ማከራየት ስለተከለከለ ለኪራይ ብሎ የሚሠራ ሰው ጠፋ፣ የቀበሌ ቤቱም የሚሰበሰበው ኪራይ ቆርቆሮ እንኳ መቀየሪያ ስለማይሆን እንደዘመመ ቀረ። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ እንደዚያ አይደለም። ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩ ነው። ግን አዋጅ አንዲት ክፍል አይሠራም።

ቤት እንዲወደድ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው መሬት ነው። በሊዝ አዋጁ (721/2004) መሬት የሚገኘው በአብዛኛው በጨረታ ነው። ብዙ ያቀረበ ያሸንፋል፣ ቢያንስ 10 በመቶውን ቅድሚያ ይከፍላል። እንግዲህ ካሬውን በዚያ ዋጋ ያነሳ ሰው ለአስተማሪ ክፍል ይሠራል? አይሠራም፤ ፎቅ ሠርቶ ለባንክ ያከራያል። በዚያ ላይ ሲሚንቶና ፌሮ አለ፣ የጭነት ዋጋም አለ፣ መብራትና ውሃ እስኪገባ የሚጠፋው ጊዜም ገንዘብ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ መሬቱ ይርከስልን ማለቱ ተራ ልመና አይደለም።

ችግሩ «በነፃ ስጡኝ» ካለ በኋላ ዝም ማለቱ ነው። መሬት ወስዶ፣ አጥሮ፣ ዋጋ ሲጨምር መሸጥ በዚህ አገር አዲስ ሙያ አይደለም። ኮንዶሚኒየሙንም ተመልከቺ። 20/80 በሚባለው ፕሮግራም ቤት ፈላጊው የዋጋውን 20 በመቶ ይቆጥብ፣ ቀሪውን ባንክ ያበድር፣ ዕጣ ይወጣ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን ስንቷ ባለዕጣ የወር ክፍያው ከብዷት ቤቱን ለተሻለ ደመወዝተኛ አከራይታ ራሷ ሰርቪስ ቤት ተመለሰች! ድጎማው ከቤቱ ጋር አልቆየም፣ ዕጣ ከወጣለት ሰው ጋር ሄደ።

አሜሪካኖች ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዙት መንገድ ለዚህ ይጠቅመናል። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚከራይ ቤት ለሠራ ግብር ይቀነስለታል። ቅናሹ ግን በአንዴ አይሰጥም፣ በ10 ዓመት ተከፋፍሎ ነው። ኪራዩም በአብዛኛው ለ30 ዓመት ጣሪያ አለው። በመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ውሉን ካፈረሰ ከወሰደው ላይ ይመልሳል። የቤት ችግራቸው አለቀ ማለቴ አይደለም፣ አላለቀም። ግን ገንዘቡ ሰው ቤቱ ውስጥ ሳይገባ አይወጣም።

እኔ ለወንድምሽ የማቀርብለት ውል ይኸው ነው። መሬቱን በዝቅተኛ ሊዝ ይውሰድ፤ የግብር ቅናሹን ግን ተከራይ ከገባ በኋላ ያግኝ። የኪራዩ ጣሪያ ለ20 ዓመት ካርታው ላይ ይጻፍ፣ ቤቱን ቢሸጠው ገዢው አብሮ እንዲወርሰው። ይህን ሲሰማ ፊቱን አይተሽ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።

ደግሞ ማበረታቻ ሲባል ሁሉም ሰው ለምን ሪል እስቴት ብቻ እንደሚታየው አይገባኝም። አንቺን ያስጠለለችሽ አከራይሽ ናት፣ ግቢዋ ውስጥ አራት ክፍል የቀጠለች ሴትዮ። እንደሷ ያለችው መሬት አትጠይቅም፣ መሬቱ አላት። የምትፈልገው አነስተኛ ብድርና ግንባታ ፈቃድ ሳትመላለስ ማግኘት ነው። ሁለት የብሎኬት ክፍል ጨምራ፣ ሽንት ቤቱን አስተካክላ፣ በተስማማችበት ዋጋ ታከራይ። መንገዱ አለ፣ የውሃው መስመር አለ፣ ጎረቤት አለ። መንግሥት አምስት ብር ቢኖረው እኔ ሦስቱን ለእነዚህ ግቢዎች ነበር የምሰጠው።

ለጣራው ግን መንግሥትን አትጠብቂ። ሴትዮዋን አናግሪያት፤ ቆርቆሮውን አንቺ ግዢና ከኪራዩ ላይ በየወሩ ይቀነስልሽ። በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክር ይኑር፣ ደረሰኙንም አትጣይ። ክረምቱ ሳይገባ ጨርሺው። ምስማሩን መቼም ወንድምሽ አያጣውም።