ስለ ታደሰ ጎማ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ «ለፒካፔ የታደሰ ጎማ ልገዛ ነው፣ ምን ትላለህ?» አለኝ። ለእሱ ብቻ ከምመልስ ሁላችሁም ጠይቁኝ አልኩ። ጥያቄው ዘነበ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጎሚስታ ቤት ተቀጥሬ ዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን የራሴን አሮጌ ሃይሉክስ እነዳለሁ። የማውቀውን እነሆ። ዋጋ ግን አልጽፍም፣ የዛሬው ለነገ ገበያ አይሆንም።

ከደንበጫ፦ የታደሰ ጎማ የሚባለው ያ በጋለ ብረት ጥርስ የሚቀረጽለት ነው?

አይደለም! ያ መላጣ ጎማን መቅረጽ ነው። ሽቦው ላይ የቀረችውን ስስ ጎማ ጭራሽ ይበላታል። ለፒካፕ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ።

የታደሰ ማለት ሌላ ነው። ያለቀው ጥርስ በማሽን ይፋቃል፣ ገላው፣ ማለትም ከጥርሱ ሥር ያለው ዋናው የጎማው አካል፣ ይፈተሻል፣ አዲስ ጎማ ይለበጥበታል፣ ከዚያ በሙቀትና በግፊት ይበስላል። አንዱ መንገድ ጥርሱ ቀድሞ የተሠራ ልባጥ መለጠፍ ነው። ሌላው ጥሬ ጎማ ለብሶ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብቶ በ150 ዲግሪ ገደማ ሲበስል ጥርሱ እዚያው የሚወጣለት ነው። የፒካፕ ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ሁለተኛውን ነው። አንዳንዱ ጎኑም ጭምር ስስ ጎማ ስለሚለብስ አዲስ ይመስላል። ጠንቀቅ በል፣ የድሮው ስንጥቅም አብሮ ይሸፈናል።

«የታደሰ ሁሉ አደጋ ነው» ለምትሉ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመንገደኛ አውሮፕላን ጎማ እየታደሰ ነው ደጋግሞ የሚያርፈው። ልዩነቱ ፍተሻው ላይ ነው። ጥርሱ የሁሉም አዲስ ነው፣ ገንዘብህን የምትከፍለው ግን ለገላው ነው።

ከቡሬ፦ ሻጩ «2014 ነው፣ ገና ትኩስ ነው» ብሎኛል። ልግዛ?

በእኛ ወይስ በፈረንጅ? ይቺ ነገር ስንቱን አስበልታዋለች። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ፈልግ። 3014 ካለ የፈረንጆቹ 2014 ሠላሳኛው ሳምንት ነው፣ በእኛ ሐምሌ 2006 መሆኑ ነው። ትኩስ ነው የተባልከው ጎማ ልጅ ቢሆን ትምህርት ቤት ከገባ ቆይቷል።

የታደሰ ጎማ ላይ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል፣ የገላው ልደትና የታደሰበት። ሻጭ ሁለተኛውን ያሳይሃል። አንተ የመጀመሪያውን ጠይቅ። ብዙ ጎማ ሠሪዎች 10 ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ቀይሩ ይላሉ። እኔ ለታደሰ ከ6 ዓመት በላይ የሆነ ገላ አልገዛም። የገላው ቁጥር ተፍቆ ወይም ተለብጦ ከጠፋ ሂሳቡ አልቋል፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ።

ከቢቸና፦ ጋሼ፣ ክረምት ላይ ዋልካው አላላውስ ብሎኛል። ትልልቅ ጥርስ ያለው የታደሰ ጎማ ያዋጣኛል?

የእናንተን ዋልካ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ሐምሌ ላይ ሊጥ ነው። ጥርሱ የተቀራረበ ጎማ ትንሽ እንደተሽከረከረ በጭቃ ይሞላና መላጣ ይሆናል። ክፍተቱ ሰፊ የሆነው የጭቃ ጎማ ግን ሲዞር ጭቃውን እየወረወረ ራሱን ያጸዳል። ስለዚህ ለዋልካው አዎ፣ ይሻልሃል።

ግን በዓመት ስንት ቀን ነው ዋልካ የምትገባው? ቀሪውን ጊዜ ማርቆስና ባሕር ዳር የምትመላለስ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮሃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። ዝናብ ባጠበው አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዝም ያንሸራትታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ መካከለኛ ጥርስ ያለውን፣ ኦል ቴሬን የሚሉትን እመርጣለሁ። ጭቃው ላይ ንፋስ ትቀንሳለህ፣ በንፋስ መለኪያው PSI 35 ከነበረ ወደ 22 አውርደው፣ ቀስ ብለህ ውጣ። አስፋልት ሳትነካ መልሰህ ሙላ። ለአዲስ ጎማ ይሄ ምክር ነው፣ ለታደሰ ግን ግዴታ ነው፣ ምክንያቱን ከታች ታገኘዋለህ።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም ጎማ አያወጣህም። በሬ ነው የሚያወጣህ።

ከደጀን፦ በየሳምንቱ ዓባይ በረሃን እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። የታደሰ ጎማ ይፈነዳል ይሉኛል፣ እውነት ነው?

ልባጡን ከገላው የሚለየው ሙቀት ነው። ሙቀቱን የሚያመጣው ደግሞ በአብዛኛው የንፋስ ማነስና ጭነት ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ይግላል፣ ሲግል ማጣበቂያው ይለቃል።

የራሴን ልናገር። አንድ ጊዜ ሁለት የታደሱ ጎማዎች በርካሽ ገዛሁ። ሻጩን አላነሳም፣ ጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው። ጤፍ ከልክ በላይ ጫንኩ፣ ንፋስም ሳልለካ ወጣሁ። ሉማሜን እንዳለፍኩ ከኋላ እንደ ጅራፍ ይጮህ ጀመር። ወርጄ ሳይ ልባጡ ግማሹ ተልጦ መከላከያውን ቀጥቅጦታል። ገላው ግን ንፋሱን እንደያዘ ነበር! ሌላኛው ጎማ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ሠራልኝ። ያን ቀን ንፋስ ለክቼ ብወጣ ሁለቱም ይሠሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዓባይ በረሃን ስትወርድ መንገዱ ከሺህ ሜትር በላይ ይዘቀዝቃል። ማርሽ ቀንሰህ በሞተር ያዝ። ፍሬን ላይ ተኝተህ ከወረድክ ግለቱ በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ይገባል። ታች ስትደርስ ንፋስ ብትለካ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። እንዳታስወጣ! ደጀን ላይ ሲቀዘቅዝ አንሶ ያድራል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት ሳይነዳ ነው። ስንት መሆን እንዳለበት በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ሁለት ብቻ መግዛት ነው አቅሜ። ፊት ልሰር ወይስ ኋላ?

ኋላ። ፊት መሪ አለ። በአሜሪካ ሕግ አውቶቡስ የፊት እግሩ ላይ የታደሰ ጎማ ማሰር ክልክል ነው፣ እኔም ፒካፔ ላይ ያንኑ እከተላለሁ። የፊቶቹ ግን መላጣ መሆን የለባቸውም።

መኪናህ ፎር ዊል ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። የታደሰ ጎማ ቁመቱ ከአዲሱ ትንሽ ሊለይ ይችላል። የፊትና የኋላው ከተለያየ፣ ደረቅ መንገድ ላይ ፎር ዊል ስታስገባ ማርሾቹ እርስ በርስ ይታገላሉ። ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በኖራ ምልክት አድርግ፣ አንድ ዙር ገፍተህ በሜትር ለካ። ለአራቱም እንዲህ አድርግ። ሻጩ ይስቅብሃል፣ ይሳቅ።

ከእንጅባራ፦ ድንችና ከሰል እጭናለሁ። የቱን ቁጥር ነው የማየው?

እህቴ፣ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ልክ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዪ። 112 ካለ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል፣ 108 ካለ 1,000 ኪሎ። የመኪናሽ ወረቀት ከሚለው በታች እንዳትወርጂ። ቁጥሩ ትንሽ የሆነ የቤት መኪና ጎማ በልኩ ስለገባ ብቻ የሚያስሩ አሉ። አሥር ኩንታል ከሰል ሲጫንበት ታያለሽ ጉዱን።

ከሞጣ፦ ሱቅ ውስጥ ቆሜ በምን ልለየው?

በእጅህና በጆሮህ። ጎማው ከቸርኬ የወጣ ከሆነ ውስጡን ዳብስ፦ ሽቦ ይወጋሃል? ስንት ቦታ ተጣብቋል? ጎኑ አጠገብ የተደፈነ ቀዳዳ ካለ ተወው። ከዚያ ጥርሱን ዙሪያውን በመፍቻ ቀስ እያልክ ምታ። ደህናው ቦታ ድፍን ድምፅ አለው፣ ልባጡ የለቀቀው እንደ ባዶ ጀሪካን ይጮሃል። ከታሰረ በኋላ መኪናውን በክሪክ አንስተህ አሽከርክረው። ሲወላገድ ካየህ እዚያው ፈተህ መልስለት።

ከዳንግላ፦ ውስጡ ካላማዳሪ ቢገባበት አይጠነክርም?

አይጠነክርም። ያለ ካላማዳሪ እንዲሠራ በተሠራ ጎማ ውስጥ ይፋተጋል፣ ይግላል።

ከአማኑኤል፦ ልጄ፣ አራት ከቀየርኩ አሮጌውን መላጣ ለስኮርታ ልተወው?

አባቴ፣ አይተዉት። ስኮርታ የሚታሰረው ሌላው ሲተነፍስ ነው፣ ያውም ጨለማና ጭቃ ላይ። ከአሮጌዎቹ የተሻለውን መርጠው ያስቀምጡ፣ ንፋሱንም በየወሩ ይዩት። ክሪኩም ይሠራ እንደሆነ አብረው ይሞክሩት።