አረንጓዴ ስለበራ አለቀ አትበሉ

ኮድ መጻፍ ለጀመራችሁ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊና የፔዳ ግቢ ልጆች፣

ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ ላፕቶፕ ከፍታችሁ ስትሰሩ ሳይ ደስ ይለኛል። ዋይፋዩ ቢቆራረጥም ንፋሱ ይክሳል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ሥራችሁን አይተው አስተያየት ስለሚሰጧችሁ ፕሮግራሞች ነው። ኮዳችሁ ሥር ቀይ ስለሚያሰምረው፣ ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚሞክር ሌላ ኮድ) ስለሚያሮጠው፣ አሁን ደግሞ "ይህን እንዲህ ብታደርገው ይሻላል" ስለሚላችሁ ኤአይ።

ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም። "በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የለም ነበር" ብዬም አልኩራራባችሁም። ነበር። ስቲቨን ጆንሰን ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ሊንት የተባለውን፣ ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ መርማሪ የሠራው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ማሽን አይሰለቸውም። እኩለ ሌሊት ላይም ኮዳችሁን ያይላችኋል። እኔን ግን ቡና ሳልጠጣ ኮድ እይልን ብትሉኝ እነጫነጫለሁ።

ነገር ግን ማሽኑ የሚፈትሸው ፈትሽ የተባለውን ነው። አንድ ተለማማጅ ልጅ ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች ቦታ ማስያዣ ሠራ። ኮዱ ንጹህ፣ ቴስቱ በሙሉ አረንጓዴ፣ ማለትም አልፏል። ለባለጀልባው የሚደርሰው መልእክት "መነሻ 8:00" ይላል። ቦታ የያዘው ፈረንጅ ጠዋት ማለቱ ነው። ለባለጀልባው ደግሞ ስምንት ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ነው። ቴስቱን የጻፈው ኮዱን የጻፈው ልጅ ራሱ ስለሆነ፣ ኮዱ ላይ ያላሰበውን ቴስቱም ላይ አላሰበውም። ችግሩን ማን ያገኘው መሰላችሁ? ስልኩን ስናሳየው "በስምንት ሰዓት ማንን ነው የምወስደው?" ብሎ የጠየቀን ባለጀልባ ነው።

ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለው ሆላንዳዊ የኮምፒውተር ሊቅ በ1972 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ በሆነው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ላይ ይህን ብሎት ነበር፤ ቴስት ስህተት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል፣ አለመኖሩን ግን በፍጹም።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። አንዲት ጎበዝ ልጅ በእኛ አቆጣጠር የሚሠራ የቀን መሙያ ጻፈች። ኤአዩ "ወር ከ12 መብለጥ የለበትም" አላት። እሷም ታዛ አስተካከለችው። ጳጉሜን ድራሿ ጠፋ! ልጅቷ ጳጉሜን አጥታት አይደለም። ማሽኑ ያለ አንዳች ጥርጥር ስለተናገረ የራሷን እውቀት ተጠራጠረች። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቀይ መስመሩን ማጥፋት ሥራ ይመስላችኋል። "ተቀበል" የሚለውን እየተጫናችሁ ትውላላችሁ፣ ማታ ላይ ምን እንደተቀየረ ብትጠየቁ ግን መልስ የላችሁም።

ስለዚህ ኮዱን ከማስኬዳችሁ በፊት የት ላይ ሊበላሽ እንደሚችል ገምቱ፤ በወረቀት ብትጽፉት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ግምታችሁ ከማሽኑ መልስ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው ትምህርቱ ያለው። ስክሪኑ በኤረር ቢሞላም አትደንግጡ። ከላይ ካለው ጀምሩ። ብዙ ጊዜ አንድ ያልተዘጋ ቅንፍ ነው ሌላውን ሁሉ የሚያስጮኸው። የማሽኑን ሐሳብ ካልተቀበላችሁት ደግሞ ምክንያቱን እዚያው ኮዱ ላይ በአንድ መስመር ጻፉ። "ወር 13 ስህተት አይደለም፣ ጳጉሜን ነው" ይበቃል። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ያመሰግናችኋል።

በስም መፈለጊያ እየሠራችሁ ያላችሁም አትጠፉም። እስቲ "ኃይሉ" ብላችሁ መዝግቡና "ሀይሉ" ብላችሁ ፈልጉት። ለኮምፒውተሩ ኃ እና ሀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ካላስተማራችሁት "አልተገኘም" ይላችኋል። ቴስታችሁም አረንጓዴ ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ ላፕቶፑን ይዛችሁ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሂዱና የምትሠራዋን ሴት ራሷ እንድትሞክረው ለምኗት። እናንተ ዝም ብላችሁ ጣቷን ተመልከቱ።