14.3 ወይስ 17 ሲር2? ለዳላስ ቤት የትኛው ኤሲ ይሻላል?
«ዳላስ ላለው ቤቴ 14.3 ይበቃኛል ወይስ 17 ልግዛ» ላልከው፣ መጀመሪያ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ መለኪያ የወጡ መሆናቸውን እይ። አሜሪካ ውስጥ ኤሲ መብራት ምን ያህል እንደሚቆጥብ የሚለካበት ሲር (SEER) ከ2023 ጀምሮ በሲር2 (SEER2) ተተክቷል። አዲሱ ፈተና ጠበቅ ስለሚል በድሮው 15 ይባል የነበረው ማሽን አሁን 14.3 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሻጩ በድሮው ቁጥር ካወራህ ንቃ! ቁጥሩ ባጭሩ፣ ሰመሩን ሙሉ የሚሰጥህ ቅዝቃዜ ለሚበላው መብራት ተካፍሎ ማለት ነው። በዚህ ስሌት 17ቱ ለዚያው ቅዝቃዜ 16 በመቶ ያህል ያነሰ ይበላል። ቴክሳስ ላይ ኤሲ ለወራት ስለማይጠፋ ልዩነቱ ቢሉ ላይ ይታያል፤ ግን ለሱ ብለው 3 ሺህ ዶላር ከጨመሩብህ እኔ ብሆን አልገዛም። ደግሞ የአየር ቱቦውን ቀድመህ አስፈትሽ፤ የሚያፈስ ከሆነ 17ም ብትገዛ የምታቀዘቅዘው ኮርኒሱን ነው።